ትዳር የእርማት ወረቀት አይደለም

"ሬድ ፍላግ" የሚሉት ነገር አናታችን ላይ ወጣ እኮ ወዳጆቼ! ቲክቶክ በከፈትኩ ቁጥር አንድ ወጣት መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ቀበቶውን እንኳ ሳይፈታ፣ ስለ ትዳር ያስተምረኛል። ባልሽ ሲበላ አፉ ድምፅ ካወጣ፣ ሬድ ፍላግ። ሚስትህ ወሬ ስትነግርህ ከመጨረሻው ከጀመረች፣ ሬድ ፍላግ። እናቱ ጋ በየቀኑ ከደወለ፣ ሬድ ፍላግ። ካልደወለ ደግሞ የባሰ ሬድ ፍላግ። በዚህ አያያዝ ከቀጠልን ሬድ ፍላግ የሌለበት ሰው የሚገኘው የሠርግ ፎቶ ላይ ብቻ ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የማትስማሙ ኮመንት ላይ እንገናኛለን፣ መቼም ለክርክር አታንሱም።

እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ኢንቦክስ የላከችልኝ መልእክት ነው። ስሟን ሳልጠቅስ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። "ቲቸር፣ ሠርጌ ሊደርስ ነው፤ ግን ቪዲዮዎቹ ላይ በሚሉት ስመዝነው እጮኛዬ ላይ 14 ሬድ ፍላግ አገኘሁበት። ምን ትመክረኛለህ?" ትላለች። ዝርዝሩን ደግሞ ቁጥር እየሰጠች ልካዋለች፤ ድሮም ደብተሯ ንጹሕ ነበር። አንደኛ፣ ሻይ ሲጠጣ ድምፅ ያሰማል። ሁለተኛ፣ የተነገረውን ሰምቶ እያለ "ምን አልሽ?" ይላል። ሦስተኛ፣ አንድ ጃኬት ብቻ እየደጋገመ ይለብሳል። ፊልም ሲያይ ያለቅሳል። ታክሲ ውስጥ ከማያውቀው ሰው ጋር ወሬ ይጀምርና መውረጃቸውን ያሳልፋታል። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ 13 ድረስ እየሳቅሁ ወረድኩ።

14ኛው ላይ ስደርስ ሳቄ ቆመ። "ሲናደድ ስልኬን ይቀማኛል። አንድ ጊዜ ግድግዳ ላይ ወርውሮ ሰብሮታል። በኋላ ግን አዲስ ገዛልኝ።"

አያችሁልኝ? 13 ቀልድና አንድ የምር ነገር፣ አንድ ዝርዝር ውስጥ፣ እኩል ማርክ ተሰጥቷቸው፤ ያውም የምሩ መጨረሻ ላይ። ልጅቷ ሞኝ ስለሆነች አይደለም፤ ከክፍሏ ጎበዞች አንዷ ነበረች። ሁሉንም ነገር ቀይ ቀብተን የሰጠናት እኛ ነን። ፈተና አርሜ ስለማውቅ እነግራችኋለሁ፤ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ ካጨማለቃችሁት ተማሪው የትኛው ስሕተቱ እንደጣለው አያውቅም። ገልብጦ ማርኩን ብቻ ያይና ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል።

ምን አልካት ለምትሉኝ፣ 13ቱን ሰርዥ፣ ከ13ቱ ጋር ትኖሪያለሽ፣ እንዲያውም ሲርቅሽ የሚናፍቅሽ እነሱ ናቸው አልኳት። ስለ 14ኛው ግን ሠርጉን ገታ አድርጊና ብቻሽን ሳትሆኚ ከታላቅ እህትሽ ጋር ሆነሽ ፊት ለፊት አናግሪው አልኳት። የቀረው የእሷ ጉዳይ ነው።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። አመል ሌላ፣ በደል ሌላ። አመል ማለት አንድ ሰው ሰው መሆኑን የምናውቅበት፣ ማንንም የማይጎዳ፣ ጆሮ ወይ ጊዜ ወይ ትንሽ ቦታ የሚፈጅ ነገር ነው። እሱን ለማረም የሚደረግ ዘመቻ ከንቱ ድካም ብቻ ሳይሆን የቤቱንም ሳቅ የሚገድል ነው። በደል ደግሞ አመል ተብሎ ሊሸፈን አይገባውም። አሁን አሁን እኛ የምናደርገው ግልባጩን ነው። ወጣቶቹ አመሉን በደል ይሉታል፣ ሽማግሌዎቻችን በደሉን አመል ይሉታል። ከሁለቱም ጋር ጠብ አለኝ።

በወጣቶቹ ልጀምርና እቤቴ ልግባ። (ባለቤቴ ይሄን ጽሑፍ ቀድማ አንብባ ሁለት ቦታ አሰርዛኛለች። ስለዚህ የምታነቡት ሁሉ የተፈቀደ ነው።)

ባለቤቴ ወሬ የምትጀምረው ከመጨረሻው ነው። ከሥራ ትገባለች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ "ከዚያ ሴትዮዋ ተነሥታ ሄደች!" ትላለች።

"የትኛዋ ሴትዮ?"

"ቆይ እሱን እነግርሃለሁ።"

ሴትዮዋ ማን እንደሆነች የማውቀው ሽሮው ከወጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ከእኔ ውጪ ሌላ ሰው ቢሆን ያብድ ነበር። እኔ ግን ወድጄዋለሁ፤ የፊልም ትኬት ሳልቆርጥ በየማታው አንድ የልብ ሰቀላ አያለሁ።

ሌላው ፌስታል ነው። እኛ ቤት ከበሩ ጀርባ አንድ ፌስታል ተንጠልጥሏል። እሱ ውስጥ ፌስታል አለ። እሱ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ። ተጣጥፈው፣ በመጠን ተለይተው። በ2017 ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ ሲጸድቅ ዜናውን አብረን ነበር የሰማነው። ቀና ብላ አየችኝና "አየህ?" አለችኝ። በቃ። ያቺ "አየህ?" የስንት ዓመት ክርክር መልስ ነበረች።

"ታክሲ ውስጥ ነኝ" ስትለኝ ፀጉሯን እያበጠረች ነው። "ደረስኩ" ስትለኝ ታክሲ ውስጥ ናት። ትርጉሙን ስለማውቀው አንድ ቀን እንኳ ተሳስቼ አላውቅም። ሰዓቷን እንደ ሌላ አገር ሰዓት አስቡት፤ መጨመርና መቀነስ ብቻ ነው።

እኔስ? እኔማ የባስኩ ነኝ። ቤት ቆልፌ አስፋልት ከደረስኩ በኋላ ተመልሼ በሩን እገፋለሁ። አንዳንዴ ሁለቴ። የገዛነው መድኃኒት ውስጥ ያለችውን ብጣሽ ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ ሳላነብ አንድ ፍሬ ክኒን አይዋጥም፤ ሚስቴ ራስ ምታቷ የሚለቃት እኔ "የጎንዮሽ ጉዳት" ላይ ስደርስ ነው። የሱሪዬ ኪስ ሁሌ የጠመኔ ቁራጭ አያጣም። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ እንቅልፌ ውስጥ የተማሪ ስም መጥራቴ ነው። እውነቴን ነው። ሌሊት ተኝቼ አቴንዳንስ እይዛለሁ። "ቁጥር 17!" እላለሁ አሉ።

ባለቤቴ ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ? "አቤት!" ትላለች። እሷ አቤት ስትል እኔ ወደ 18 እሄድና ዝም ብዬ እተኛለሁ። አንድ ሌሊት ደክሟት ሳትመልስ ብትቀር "ቀሪ" ብዬ አለፍኳት። ጠዋት ቁርስ ላይ "ለምንድነው ቀሪ ያልከኝ?" ብላ ወላጅ ላመጣ ነው አለችኝ።

እስኪ ልጠይቃችሁ። ይሄን ነገር ለመኪናው ውስጥ መካሪ ብትነግሩት ምን ይላል? "ሚስትህ የራሷን የእንቅልፍ ድንበር ልታስከብር ይገባል" ይላል። "ለየብቻ የምትሆኑበት ቦታ ይኑራችሁ" ይላል። የት ወንድሜ? የምንኖረው ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ነው። አንደኛው ክፍል ወጥ ቤትም ነው፣ ሳሎንም ነው፣ ፈተና የምታረምበትም ነው። እኔ ለየብቻ ልሁን ብል የምገባው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ይሄ ምክር አምስት መኝታ ክፍል ላለው ሰው የተሰፋ ልብስ ነው፤ እኛ ላይ ሲለብሱት እጁ መሬት ይጎትታል። በጠባብ ቤት የሚኖር ሰው ምርጫው ሁለት ነው። ወይ በየቀኑ መነታረክ፣ ወይ "አቤት" ማለት።

ደግሞ አመል ከሜዳ አይበቅልም። ታሪክ አለው። ባለቤቴ ያደገችው እናቷ ጉልት እየሸጡ ባሳደጓት ቤት ነው። በዚያ ቤት አንድ ፌስታል ማለት አንድ መደብ ቲማቲም የምትሸጥበት ዕቃ ነው፣ ቆሻሻ አይደለም። ስለዚህ እሷ ፌስታል ስታጥፍ የምታጥፈው እናቷን ነው። ውኃም እንደዚያው። የእኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ እሱም ሲያሻው ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ባለቤቴ ጀሪካኑን ሞልታ፣ ባልዲውን ሞልታ፣ ማንቆርቆሪያውን ሞልታ፣ ቴርሞሱን ሁሉ ትሞላለች። አንድ ጊዜ የሻይ ብርጭቆዎቹን ደርድራ ስትሞላ አይቻታለሁ። ይሄን "ጭንቀት" ብሎ የሚተነትን ቪዲዮ አይቻለሁ። ጭንቀት አይደለም፤ ልምድ ነው። ቧንቧው በየቀኑ ቢመጣ ብርጭቆዎቹ ባዶ ያድሩ ነበር።

እኔ ደግሞ ስበላ እፈጥናለሁ። ስምንት ልጆች አንድ ትሪ ከበን ነው ያደግነው። እዚያ ትሪ ላይ ቀስ ብሎ የሚበላ ልጅ ጨዋ ተብሎ ጦሙን ያድራል። እሷ የአያት ልጅ ናት፣ ለብቻዋ የተቀመጠላት፣ ማንም የማይቀማት። አንድ እንጀራ ላይ ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለች። እኔ በልቼ እጄን ታጥቤ ስመለስ እሷ ገና ዳር ዳሩን ናት። መጀመሪያ የበላንበት ዕለት ተያየን፣ ሁለታችንም የሌላውን አስተዳደግ ያየነው በአንድ ትሪ ላይ ነው። አሁን እኔ ስጨርስ ቁጭ ብዬ አወራታለሁ፣ እሷ ትበላለች። የቤታችን ዋናው ወሬ የሚወራው በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው።

ባዮሎጂ ነው ያስተማርኳችሁና አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። አንዳንዱ አመል የምትሉት ነገር አመል እንኳ አይደለም፣ አካል ነው። ማንኮራፋት ማለት ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻ ላላ ብሎ፣ አየር በጠበበው መንገድ ሲያልፍ ለስላሳውን ላንቃ ሲያርገበግበው የሚወጣ ድምፅ ነው። ሰውዬው ሊያናድድሽ ብሎ አይደለም፣ ተኝቷል! ከማታ ይልቅ ጠዋት የሚነቃቃ ሰው አለ፣ ጠዋት ተቀስቅሶ እስከ 4 ሰዓት ሰው የማይሆን አለ፤ የሰውነት ሰዓት ከሰው ሰው ይለያያል፣ በከፊልም በዘር የሚወረስ ነው። "ሰነፍ ናት፣ ጠዋት አትነሳም" ብላችሁ የምታሟት ሴት ማታ 5 ሰዓት ላይ እናንተ አፋችሁን ከፍታችሁ ስታንቀላፉ ልብስ እያጠበች ነው። የሌላ ሰው ማላመጥ ሲሰሙ የምር ሰውነታቸው የሚቆጣ ሰዎችም አሉ፤ ሚሶፎኒያ ይባላል፣ ቅብጠት አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቤት ስትበሉ ራዲዮ ክፈቱ፣ ያልቃል።

ግን እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ባልሽ ሲያንኮራፋ ቆይቶ ቆይቶ ትንፋሹ ቀጥ የሚል ከሆነ፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ብንን ብሎ የሚቀጥል ከሆነ፣ ቀን ደግሞ በየተቀመጠበት የሚያንቀላፋ ከሆነ ሐኪም ይየው። እሱ አመልም በደልም አይደለም፣ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ የደም ግፊትንም ያስከትላል። "ኧረ የእሱ ማንኮራፋት!" እያላችሁ እየሳቃችሁ እንዳታሳልፉት።

ጆን ጎትማን የሚባል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጥንዶችን ለብዙ ዓመታት ሲከታተል የኖረ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ። እሱ እንደሚለው ባልና ሚስት ከሚጨቃጨቁባቸው ጉዳዮች 69 በመቶው መፍትሔ የማያገኙ፣ እየተመላለሱ የሚመጡ ናቸው። ከጠባይና ከአስተዳደግ ልዩነት የሚመነጩ ስለሆኑ። ደስተኞቹ ጥንዶች እነዚህን የፈቱ አይደሉም፣ እየሳቁባቸው ማውራት የለመዱ ናቸው። እኔ በበኩሌ የአሜሪካኑ ቁጥር ለደብረ ብርሃን ቤት ሁሉ ልክ ነው ብዬ አልምልም። ግን በብርዱ ምክንያት "መስኮቱ ይከፈት፣ አይከፈት" የሚለውን የእኛን ክርክር ከ69ኙ ውስጥ አስገቡልኝ። እሷ በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ በካልሲ ትተኛለች፣ እኔ አየር ካላገኘሁ አልተኛም። መስኮቱ አንድ እስክሪብቶ በምታህል ክፍተት ይከፈታል። እስክሪብቶውም እዚያው ተሰክቶ ይኖራል። ስምምነቱ ይሄው ነው፤ ማንም አላሸነፈም።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ልዙር። ከእነሱ ጋር ያለኝ ጠብ ቀልድ የለውም።

የአንበሳውን ጸጉር ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባሏ ያስቸገራት ሴት አዋቂ ዘንድ ትሄዳለች፣ አዋቂው የአንበሳ ጸጉር አምጪ ይላታል። ሴትዮዋ በየቀኑ ሥጋ እየወሰደች፣ ቀስ በቀስ እየቀረበች፣ አንበሳውን አላምዳ ጸጉሩን ታመጣለች። "አንበሳ ያላመድሽ ባልሽን እንዴት ያቅትሻል?" ይላታል። ጥሩ ተረት ነው፣ እወደዋለሁ። ስለ ትዕግሥት ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም። ግን ስንት ሠርግ ላይ ሰማችሁት? ለማን ሲነገር ሰማችሁት? ሁሌ ለሙሽሪት! ሙሽራው እዚያው አጠገቧ ከረባቱን አስሮ ቁጭ ብሎ እየሳቀ ነው። ለእሱ "አንተ ደግሞ አንበሳ አትሁን" ያለው ሽማግሌ እስካሁን አልገጠመኝም። ሥጋውን የምትሸከመው እሷ፣ ጫካ የምትገባው እሷ፣ ብትነከስ "ቀስ ብላ አልቀረበችም" የምትባለው እሷ። ወንድየው ደግሞ በተረቱ ውስጥ ሰው እንኳ አይደለም፣ አውሬ ነው። እኔ ወንድ እንደመሆኔ ይሄ ስድብ ይሰማኛል።

ከሠርጉ በኋላ ነገር ሲበላሽ ሽማግሌ ይሰበሰባል። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ትናገራለች። መታኝ ትላለች። "ልጄ፣ አመሉ ነው፤ ቻይው" ይሏታል። ደመወዙን ጠጥቶ ይገባል ትላለች። "ሲጠጣ ነው እንጂ ልቡ እኮ ወርቅ ነው።" ሥራ እንዳልሠራ ከለከለኝ ትላለች። "ይቀናል፤ ስለሚወድሽ ነው፤ አመሉ ነው።" ኧረ በሕግ አምላክ! ይሄ አመል አይደለም። የእኔ በር ሁለቴ መግፋት አመል ነው። የባለቤቴ ፌስታል አመል ነው። ዱላን ከፌስታል ጋር አንድ ስም ስትሰጡት ፌስታሉንም አዋረዳችሁት፣ ልጅቷንም አሳልፋችሁ ሰጣችኋት።

ሕጉ እንኳ ከእናንተ ቀድሟል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነው፣ ሚስት ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይል ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያንን አነሣ። በአንቀጽ 49 ባልና ሚስት እርስ በርስ የመከባበር፣ የመተጋገዝና የመደጋገፍ ግዴታ አለባቸው አለ፤ "እርስ በርስ" የምትለዋን አስምሩባት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 564 በትዳር አጋር ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት በወንጀል እንደሚያስቀጣ ለይቶ አስቀመጠ። ሕጉ ከ1952 ወጥቶ ስንት መንገድ ሄዷል፣ የሠርጋችን ምክር ግን አሁንም እዚያው ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሽማግሌ አይጥቀም እያልኩ አይደለም። እኔንና ባለቤቴን ያጋቡን ሽማግሌ ሁለታችንንም እኩል ነው የገሠጹን፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው። የእሳቸው ዓይነት ይብዛልን።

አንድ ነገር አስተውሉልኝ። በየቤቱ የሚታረመው የማን አመል ነው? ሴቷ ሳቋ በዛ፣ ወሬዋ ረዘመ፣ እህቷ ጋ መደወል አበዛች፣ ለመውጣት ስትለብስ ትዘገያለች። የሷ እንቅስቃሴ ሁሉ "ይታረም" ይባላል። የእሱ ግን ከማንኮራፋት እስከ ቡጢ ድረስ በአንድ ጆንያ "አመሉ ነው" ተብሎ ይታሰራል። ቲክቶክ ላይ ልጆቹ ቢያምፁ አይገርመኝም፤ ያመፁት ትክክለኛ ነገር ላይ ነው፣ ዱላው ግን ያረፈው ሻይ ሲጠጣ ድምፅ በሚያሰማው ምስኪን ላይ ነው።

እንዴት እንለየው ላላችሁኝ፣ እኔ የምጠቀምባት አንድ መፈተኛ አለች። ቡና ላይ ነው። የባልሽን አመል ጎረቤት ባለበት፣ እሱም አጠገብሽ ተቀምጦ፣ ማውራት ትችያለሽ? ስታወሪው እሱ "ውሸቷን ነው!" እያለ ይስቃል? እንግዲያው አመል ነው፣ ሁለተኛውን ቀድተሽ ቀጥይ። ስታወሪው ድምፅሽን ዝቅ ካደረግሽ፣ በሩን ካየሽ፣ "እንዳትነግሩት" ካልሽ ግን አመል አይደለም። አንተም እንደዚያው። ወንድም ፈርቶ ዝም የሚልበት ቤት አለ፤ በእሱ መሳቅ ልማድ ስለሆነብን ነው የማናወራው።

ኩርፊያንም እዚሁ ልጨምር፣ ምክንያቱም በአበሻ ቤት ትልቁ ማዕረግ ያለው እሱ ነው። ሁለት ሰዓት ማኩረፍ አመል ነው፤ አንዳንድ ሰው ሲናደድ ዝም ካላለ የማይሆን ነገር ይናገራል፣ ዝምታው ጨዋነት ነው። ሦስት ሳምንት በአንድ ጣሪያ ሥር በልጅ በኩል "አባትሽን ምሳ ቀርቧል በዪው" እየተባባሉ መኖር ግን አመል አይባልም። እሱ ቅጣት ነው፣ ደግሞ ቅጣቱን የምትሸከመው መልእክተኛዋ ልጅ ናት። እንዲህ ያሉ ልጆች ክፍሌ ውስጥ አሉኝ። ሁለት ሰው የማያናግሩትን ሲያመላልሱ ውለው አድረው ጠዋት ዴስክ ላይ ይተኛሉ።

"ታዲያ ሰው አይለወጥ ነው የምትለው?" የሚል አይጠፋም። አላልኩም። "ራዲዮኑን ቀንስልኝ፣ ነገ በጠዋት እነሣለሁ" ብሎ መለመን ሌላ፣ "አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?" ብሎ ሰውየውን እንዳለ ማረም ሌላ። በመጀመሪያው ራዲዮኑ ይቀንሳል። በሁለተኛው ራዲዮኑ ይጠፋል፣ ሰውዬውም አብሮ ይጠፋል። መሐል ላይ ያለም አለ፣ አልክድም። ለሰው ሁሉ የሚያበድር ባል፣ እሺ፣ ደግነት ነው፣ አመል ነው። የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ሳይነግራት ካበደረ ግን አመልነቱ እዚያው ላይ አለቀ። ቤቱን በጋራ ያቆማችሁበትን ነገር የነካ ሁሉ ቁጭ ተብሎ በሒሳብ ይወራበታል፣ አይሳቅበትም።

በነገራችን ላይ ያንኮራፋ ባሏን ቀርጻ የምትለቅ፣ ሚስቱ ተኝታ ውኃ ደፍቶባት ለላይክ የሚለምን፣ እናንተንም ሳላነሣ አላልፍም። ቤት ውስጥ የሚሳቅበት አመል ቤት ውስጥ ነው ጣፋጭ። ሰውየው ሳያውቅ ሁለት መቶ ሺህ ሰው ካየው፣ ነገ መሥሪያ ቤቱ ሲገባ የሚስቁት አብረውት አይደለም፣ በእሱ ላይ ነው። እኔም የቤቴን ገመና ስጽፍ አስፈቅጄ ነው፤ ሁለት ቦታ ተሰርዞብኛል ብያችኋለሁ። ከተሰረዙት አንዱ በጣም ነው የሚያስቀው፣ ግን አልነግራችሁም።

በሉ እንግዲህ፣ ኮመንት ላይ አንድ አንድ አመል ወርውሩልኝ። ሕጉ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የራሳችሁን፣ ከዚያ አጠገባችሁ ያለውን ሰው አስፈቅዳችሁ የእሱን ወይም የእሷን። ያላገባችሁም አትለፉን፣ ከወንድምና ከእህት ጋር የሚኖር ሰው አመል አያጣም። ለማውራት የሚያስፈራችሁ ነገር ያለባችሁ ደግሞ ኮመንት ላይ አትጻፉት። ኢንቦክሴ ክፍት ነው፤ ማታ ዘግይቼ እመልሳለሁ፣ አቴንዳንስ ከመያዜ በፊት።